የጆሮ ማስተካከያ ቀዶ ሕክምና ካላረካ፦ ይደገም?

ወደ ውጭ የወጣ ጆሯቸውን በቀዶ ሕክምና ወደ ኋላ አስጠግተው በውጤቱ የሚያዝኑ አሉ። «ልድገመው? ሸሪዓውስ ይፈቅዳል?» ለሚሉ ጥቂት ነጥቦች እነሆ።

መጀመሪያ ሰብር ያስፈልጋል። እብጠቱ ጠፍቶ ጆሮው ቅርፁን እስኪይዝ ወራት ስለሚፈጅ፣ ሐኪሞች ብዙውን ጊዜ ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት መጠበቅን ይመክራሉ። ሕመሙ ከባሰ፣ መግል ወይም ትኩሳት ካለ ግን ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው።

ቀጥሎ ችግሩ ይለይ። ክሩ ላልቶ ጆሮው ተመልሶ ወጥቷል? መሃሉ ብቻ ከልክ በላይ ተጠግቷል? ወይስ ጠባሳው አብጧል? ኬሎይድ የሚባለው ይህ እብጠት በጥቁር ቆዳ ላይ ይበዛል፤ ቆርጦ ማውጣት ብቻውን ብዙ ጊዜ አያድነውም፣ ተመልሶ ይበቅላል። ሁለተኛው ቀዶ ሕክምና በጠባሳ ላይ ስለሚሠራም ከመጀመሪያው ይከብዳል።

ሸሪዓውን በተመለከተ፣ ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ በ2007 (እ.ኤ.አ) ማሌዢያ ላይ ባደረገው ጉባኤ፣ ጉዳት የሚያስከትል እንከንን ማስተካከል ፈቅዷል፤ ጤናማ ተፈጥሮን ለስሜት ብሎ መቀየርን ከልክሏል። ሰሃባው ዐርፈጃ (ረ.ዐ) በጦርነት ላጡት አፍንጫ ያሠሩት ብር ሲሸትባቸው፣ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በወርቅ እንዲተኩት አዘዋቸዋል። የመጀመሪያው ጥገና ጉዳት ካመጣ ማስተካከሉ እንደማይነወር ከዚህ እንረዳለን።

መስታወት ፊት ብቻ ለሚታይ ጥቂት ልዩነት ግን ዳግም ቢላዋ ሥር መግባት ሌላ ጉዳይ ነው። የማንም ሰው ሁለት ጆሮ ፍጹም አንድ አይደለም። ከመወሰንዎ በፊት ታማኝ ሐኪምና ዓሊም ያማክሩ፤ ኢስቲኻራም ይስገዱ።

ወላሁ አዕለም።