በጊታር ብረቶች ላይ የደረቀ ሙጫ በምን ይለቅቃል?

አንድ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪ ስለ ሙጫና ስለ ብረት ለመጻፍ ምን አገባው የሚል አንባቢ አይጠፋም። ያገባኝ ጥፋቴ ነው። ታላቅ ወንድሜ ለሥራ ወደ ጅቡቲ ሲሻገር ጊታሩን በአደራ ለእኔ ትቶልኝ ነበር። ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ወደ ድሬዳዋ ወርጄ ሳቢያን ከቤታችን ሳለሁ፣ ክሮቹ ከአንገቱ ራስ ላይ የሚያርፉባት ትንሽ አጥንት በሙቀቱ ተላቅቃ አገኘኋት። ከሱቅ አንዲት ሱፐር ግሉ ገዝቼ ለመለጠፍ ስሞክር ቱቦው ከጎኑ ፈነዳ፤ ሙጫውም በመጀመሪያው ፍሬትና በሁለቱ መቃኛ ቁልፎች ጥርስ ውስጥ ገብቶ እዚያው ደረቀ። ቁልፎቹ አልዞር አሉ። ወንድሜ ደግሞ ለመስቀል እንደሚመጣ ጽፎልናል።

በድሬዳዋ ጊታር የሌለው ጎረምሳ እንኳ ጊታር ያለው ጓደኛ አለው። በ2015 ዓ.ም. ያረፈው ዓሊ ቢራ የወጣው ከዚህችው ከተማ መሆኑ ለዚህ ሳይረዳ አልቀረም። ነገር ግን ሙቀቱ የእንጨት ዕቃ አይወድም። በቆርቆሮ ጣራ ሥር የዋለ ጊታር ሙጫው ይለሰልስና ብሪጁ ይነሣል፤ ባለቤቱም ሱፐር ግሉ ይዞ ይነሣል። ስለዚህ የእኔ ጣጣ የብዙዎቻችሁም ጣጣ ሊሆን ይችላል ብዬ ነው ይህን መጻፌ።

የመጀመሪያው አሳቤ በቢላዋ መፋቅ፣ ካልሆነም በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ ነበር። ያዳኑኝ ከምድር ባቡር ጥገና ቤት ጡረታ የወጡ ጎረቤታችን ናቸው። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ከደረሰ ወዲህ በዚያ ጥገና ቤት ብዙ መካኒኮች ስለ ተቀረጹ፣ በሰፈራችን ስለ ብረት የሚጠየቅ ሽማግሌ አይጠፋም። «ልጄ፣ ቢላዋውን አስቀምጥ» አሉኝ። «መጀመሪያ ሙጫው ምን ዓይነት እንደሆነ ዕወቅ።»

«ጋሼ፣ ሙጫ ሙጫ አይደለም እንዴ?» ብላቸው ሳቁብኝ።

ቢላዋ የሚከለከልበት ምክንያት ይህ ነው። የጊታር ብረት ሲያብረቀርቅ የምናየው ስስ ልባስ ነው፤ ከሥሩ ያለው ብዙውን ጊዜ ነሐስ ወይም ሌላ ርካሽ ቅይጥ ነው። ከላይ የሚቀባው ክሮም ብዙ ጊዜ የማይክሮን ግማሽ እንኳ አይሞላም። የሰው ፀጉር ወደ ሰባ ማይክሮን ገደማ መሆኑን ስናስብ፣ አንዲት የቢላዋ ጭረት ምን እንደምታደርግ መገመት አያዳግትም። ልባሱ ከተገፈፈ በኋላ እርጥበትና የእጅ ላብ ከሥሩ ያለውን ብረት ያገኙታል፤ ከዚያ ወዲያ መመለሻ የለውም። የድስት መፈተጊያ ሽቦም ያው ነው፤ በኤሌክትሪክ ጊታር ላይ እንዲያውም የባሰ ነው፤ የፒክአፑ ማግኔት የሽቦውን ብናኝ ስቦ ይይዘዋልና።

ሱፐር ግሉ የተገኘው በስሕተት ነው ማለት ይቻላል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1942 ሃሪ ኩቨር የሚባል አሜሪካዊ ኬሚስት በኮዳክ ኩባንያ ለጠመንጃ ማነጣጠሪያ የሚሆን ጥርት ያለ ፕላስቲክ ሲፈልግ፣ የነካውን ሁሉ የሚለጥፍ ነገር አገኘና ተሰላችቶ ተወው። በ1951 እንደገና ሲያጋጥመው ግን ጥቅሙ ገባው፤ በ1958 ለገበያ ዋለ። ይህ ሙጫ የሚደርቀው እንደ ቀለም በመትነን አይደለም፤ ከአየርና ከዕቃው ገጽ የሚያገኛት ጥቂት እርጥበት ጥቃቅኑን ሞለኪውል አያይዛ ረጅም ሰንሰለት ስለምታደርገው ነው። አሴቶን ደግሞ በሰንሰለቶቹ መካከል ሰርጎ ገብቶ ሙጫውን ያሳብጠዋል፣ ያለሰልሰዋል። ሥራው ጊዜ ይፈልጋል፤ በኃይል ማሸት ምንም አይጨምርለትም። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ከሱቅ ስትገዙ ጽሑፉን አንብቡ፤ አሴቶን የሌለበትም አለና።

አሴቶን ክሮሙንም ኒኬሉንም ነሐሱንም አይጎዳም። የሚጎዳው ጎረቤቶቻቸውን ነው። የጊታሩን ቫርኒሽ ያቀልጣል፤ በቁልፉ ጫፍ ያለችውን ዕንቁ መሳይ የፕላስቲክ መያዣም ያበላሻል። ስለዚህ ክሮቹን አላልቼ ፈታሁ፤ ቁልፎቹንም በትንሽ ካቻቢቴ ከእንጨቱ ነቀልኋቸው። የየትኛው ብሎን የትኛው እንደሆነ እንዳይጠፋኝ በወረቀት ላይ ሥዕላቸውን ሥዬ እያንዳንዱን በቦታው አስቀመጥሁ። ፕላስቲኩን መፍታት ለማይቻልበት ቁልፍ፣ ጥጥ በአሴቶን ነክሮ ጥርሱ ላይ ብቻ መጠቅለል ይበቃል።

እዚህ ላይ ድሬዳዋ ተቃወመችኝ። አሴቶን በ56 ዲግሪ የሚፈላ ፈሳሽ ነው፤ በእኩለ ቀን ሙቀት ጥጡ ሥራውን ሳይጀምር ይደርቅብኛል። ሦስት ጊዜ ከከሸፈብኝ በኋላ ጎሕ ሲቀድ ተነሥቼ፣ ጥጡን በአሉሚኒየም ወረቀት ሸፍኜ፣ ሩብ ሰዓት ተውሁት። ስገልጠው ሙጫው እንደ ረጠበ ቆዳ ሆኖ ነበር። በስቴክኒና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ከጥርስ ጥርሱ አወጣሁት። አራት ጊዜ መድገም አስፈልጎኛል። አሴቶን ወዲያው የሚቀጣጠል ስለሆነ፣ የከሰል ምድጃና ሲጋራ ካለበት አታድርጉት፤ በድሬ ቤት ከሰዓት በኋላ ሁለቱም አይጠፉምና፣ ይህም ንጋቱን የመረጥሁበት ሌላ ምክንያት ነው። መስኮት ይከፈት።

ፍሬቱ ከእንጨቱ ስለማይነቀል ይበልጥ አስቸገረኝ። ግራና ቀኙን በወረቀት ፕላስተር ሸፍኜ፣ ጥጡን እስኪንጠባጠብ ሳይሆን እርጥብ እስኪል ብቻ ነክሬ፣ ብረቱን ብቻ እየነካሁ አለሰለስሁት። የጣት ሰሌዳው ቫርኒሽ የተቀባ ከሆነ ግን ከአሴቶን ይልቅ ትዕግሥትና ስቴክኒ ይሻላል።

ሌሎቹን ሙጫዎች ባጭሩ ልናገር። የአናጢዎቹ ነጭ ኮላ ለብ ባለ ውኃ ይነጣና ይለሰልሳል፤ አቼቶ ቢጨመርበት ይፈጥናል፣ ግን ኒኬሉን ስለሚያደበዝዝ ቶሎ አጥቦ ማድረቅ ነው። የጫማ ሠሪዎች ማስቲሽ በጥቂት ቤንዚን ረጥቦ በአውራ ጣት ሲታሸ እየተጠቀለለ ይወጣል። ከሁለት ቱቦ ተቀላቅሎ የሚሠራው ሙጫ ግን ከደረቀ በኋላ አሴቶንን እምብዛም አይሰማም፤ ብረቱን ከጊታሩ ነቅሎ በፀጉር ማድረቂያ ማሞቅና ሲላላ በእንጨት መግፋት ይሻላል። የቱ እንደሆነ ያልታወቀ ሙጫ ከሆነ፣ ከማይታየው ጎን በውኃ ጀምሩ፤ ካልሆነ ቤንዚን፣ በመጨረሻ አሴቶን።

ሲያልቅ ቁልፎቹን በደረቅ ጨርቅ ወልውዬ፣ በጥርሳቸው ላይ አንዳንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት አኑሬ መለስኋቸው። አንደኛው እንደ አዲስ ይዞራል። ሁለተኛው ላይ የሙጫው እንፋሎት የተወው ነጭ ጉም መሳይ ነገር ቀርቷል፤ በቀጭን ጨርቅ ቢታሸም ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም። ወንድሜ ለመስቀል መጥቶ ጊታሩን አነሣ፣ ቃኘ፣ አንድ ዘፈን ተጫወተ። ከዚያም ራሱን ወደ ብርሃን አዘንብሎ ሲያየው «ይህ ምንድን ነው?» አለኝ፤ ሁሉንም ከነቱቦው ነገርሁት።

«አሴቶኑ ተርፏል?» አለ። የእሱም የጅቡቲ ጊታር ብሪጅ ተነሥቶ ኖሯል።