ዓሣው የማን ነው? የአይስላንድ የማያልቅ ክርክር

በአይስላንድ ሳንቲሞች ላይ የንጉሥም ሆነ የመሪ ምስል አይገኝም። በአንዱ ክሮና ኮድ የሚባለው ዓሣ፣ በአምስቱ ዶልፊን፣ በሃምሳው ሸርጣን ተቀርጿል። አገሬው ባሕሩን የሚያየው እንደ ርስት ነው፤ ለዚህም በቂ ምክንያት አለው።

ምድሪቱ ለሰው አትራራም። እ.ኤ.አ. በ1783 የላኪ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ መርዙ ሣሩን በክሎ ከብቱን ፈጀ፤ በተከተለው ረሀብ ከሕዝቡ አንድ አምስተኛ ያህሉ አለቀ። በጥር 1973 ደግሞ በሄይማኤይ ደሴት መሬቱ በሌሊት ተሰንጥቆ እሳት ተፋ። ደግነቱ፣ ማዕበል ያገዳቸው ዓሣ አጥማጅ ጀልባዎች ወደቡ ላይ ቆመው ስለነበር አምስት ሺህ ያህል ነዋሪ በሰዓታት ውስጥ ወጣ። ከዚያ በኋላ የሆነው ይበልጥ ይደንቃል። ቅልጡ ድንጋይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቤቶችን እየዋጠ ወደ ወደቡ ሲገሰግስ፣ ሰዎቹ ለወራት የባሕር ውኃ እየረጩ አቀዘቀዙት። ወደቡ ተረፈ። ቤት ቢፈርስ እንደገና ይሠራል፤ ወደብ ከጠፋ ግን ደሴቲቱ ላይ የሚያኖር ነገር የለም።

የአይስላንድ ሰፋሪዎች በ930 ሸንጎ የተቀመጡበት የቲንግቬትሊር ሜዳም እንደ አፋራችን ምድር የምትላቀቅበት ስፍራ ነው። ሕግ በጽሑፍ ሳይሰፍር በፊት፣ ሕግ ተናጋሪው በየዓመቱ ሲሶውን በቃሉ ይወጣው ነበር። ከዴንማርክ የተላቀቀችው ሪፐብሊክም ሰኔ 17 ቀን 1944 በዝናብ የታወጀችው እዚያው ነው።

ነፃነቱ ግን በባሕር ላይ መፈተኑ አልቀረም። አይስላንድ የዓሣ ክልሏን በ1958 ወደ 12፣ በ1972 ወደ 50፣ በ1975 ወደ 200 የባሕር ማይል ስታሰፋ ብሪታንያ የጦር መርከብ ላከች። ጦር ሠራዊት የሌላት አገር የጠረፍ ጠባቂዎች መቁረጫ ብረት ከኋላቸው እየጎተቱ የእንግሊዞቹን መረብ በጠሱት። በ1976 ብሪታንያ እጅ ሰጠች። በ2009 የቀረበው የአውሮፓ ኅብረት የአባልነት ጥያቄ በ2015 ሲሳብም፣ ዓሣውን ለብራስልስ አሳልፎ የመስጠት ሥጋት ከምክንያቶቹ አንዱ ነበር።

እኔን የሚያሳስበኝ የውስጡ ነገር ነው። የ1990ው የዓሣ ማጥመድ ሕግ በመጀመሪያ አንቀጹ ዓሣው የሕዝብ የጋራ ሀብት ነው ይላል። ይኸው ሕግ ግን የማጥመድ ኮታ እንዲሸጥና እንዲለወጥ ፈቀደ፤ ኮታው በጥቂት ትላልቅ ኩባንያዎች እጅ ገባ፤ ኮታቸው የተሸጠባቸው የጠረፍ መንደሮችም ሥራ አጡ። ከብሪታንያ የተወሰደው ባሕር ለመንደሩ አጥማጅ ካልተመለሰ፣ የ1976ቱ ድል ገና ግማሽ ድል ነው።