የኖቬምበርን ዕዳ በኤፕሪል

ኤፕሪል 16 ቀን 2024 ማታ፣ ፊላደልፊያ። ፍላየርስና ዋሺንግተን ካፒታልስ የመደበኛው ውድድር የመጨረሻ ጨዋታቸውን አንድ ለአንድ ይዘዋል፤ የቀረው ሦስት ደቂቃ ገደማ ነው። የፍላየርሱ አሰልጣኝ ጆን ቶርቶሬላ ግብ ጠባቂያቸውን ጠርተው አስወጡና በምትኩ አጥቂ አስገቡ። ጎሉ ባዶውን ቀረ። በበረዶ ሆኪ ይህን የሚያደርገው እየተመራ ሰዓት ያለቀበት ቡድን ነው፤ አቻ ሆኖ ጎሉን ክፍት ጥሎ የሚሄድ ብዙም አይታይም። ወዲያው የካፒታልሱ ቲጄ ኦሺ ፓኳን፣ በሆኪ እንደ ኳስ የሚመቷትን ጠፍጣፋ ጎማ፣ ወደ ባዶው መረብ ሰደዳት። ዋሺንግተን 2 ለ 1 አሸንፎ ወደ ፕሌይኦፍ፣ ዋንጫው ወደሚለይበት የማጣሪያ ዙር አለፈ።

አሰልጣኙ አላበዱም። ፍላየርስ በመደበኛው 60 ደቂቃ ካላሸነፉ የሚያልፉበት መንገድ አልነበራቸውም። አቻ ወጥቶ አንድ ነጥብ መያዝም ሆነ ተሸንፎ ባዶ እጅ መመለስ ለእነሱ ያው ነበር።

ካለፈው ቡድን የቀረው የበለጠ ይገርማል። ካፒታልስ 91 ነጥብ ሰበሰበ፤ ዲትሮይት ሬድ ዊንግስም 91። ዲትሮይት 41 ጨዋታ አሸንፏል፣ ዋሺንግተን 40። ያለፈው ግን ዋሺንግተን ነው፤ እኩል ነጥብ ሲመጣ ቅድሚያ የሚታየው በመደበኛው ሰዓት የተገኘ ድል በመሆኑ ነው። ያውም በውድድር ዘመኑ የተቆጠረበት ጎል ካስቆጠረው በ37 የሚበልጥ ቡድን! በፕሌይኦፉ ኒውዮርክ ሬንጀርስ አራት ለዜሮ ሸኘው።

በሰሜን አሜሪካው የሆኪ ሊግ፣ በኤንኤችኤል፣ ማርች ከገባ እስከ ኤፕሪል አጋማሽ ወሬው ሁሉ ይኸው ነው፤ ማን ይደርሳል፣ ማን ይቀራል። (ቀኖቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር አስቀምጫለሁ።) ከኋላ የመጣ ቡድን አምስት ስድስት ጨዋታ በተከታታይ ሲያሸንፍ ጋዜጠኛው ተአምር ይላል፣ ደጋፊው ትኬት ፍለጋ ይሮጣል። እኔ ግን የመጨረሻዎቹ ሳምንታት ግስጋሴ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት እንደማይጀመር አምናለሁ። የተሳካው አብዛኛውን ጊዜ የወራት ሥራ ውጤት ነው። ለዚህ ከ2007 እስከ 2008 ከነበረው የካፒታልስ የውድድር ዘመን የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

በቅድሚያ ግን ስለ ነጥቡ። እያንዳንዱ ቡድን 82 ጊዜ ይጫወታል። ያሸነፈ ሁለት ነጥብ ያገኛል፣ በመደበኛው ሰዓት የተሸነፈ ምንም። በተጨማሪ ሰዓት ወይም በመለያ ምት የተሸነፈ ግን አንድ ነጥብ ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ አንዱ ጨዋታ ሁለት ነጥብ ያከፋፍላል፣ ሌላው ሦስት። ለእግር ኳስ ተመልካች ይህ ግራ ያጋባል፤ መዘዙም የሚወድቀው ከኋላ በሚያሳድደው ላይ ነው። 15 ጨዋታ ሲቀር በስድስት ነጥብ ወደኋላ የቀረ ቡድን እንውሰድ። ስድስት ነጥብ ሦስት ድል ነው፣ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ከፊት ያለው ቡድን ከ15ቱ ስምንቱን ቢያሸንፍ፣ ሁለቱን በተጨማሪ ሰዓት ቢሸነፍ፣ አምስቱን በመደበኛው ሰዓት ቢጥል 18 ነጥብ ይጨምራል። አሳዳጁ ለመስተካከል ብቻ 24 ያስፈልገዋል፤ ከ15 ጨዋታ 12 ድል ማለት ነው። በመሃል ሌሎች ሁለት ሦስት ተፎካካሪዎች ካሉና እርስ በርሳቸው ሲጫወቱ ወደ ተጨማሪ ሰዓት ከሄዱ ሁለቱም ነጥብ ይዘው ይወጣሉ። አሳዳጁ ቤቱ ተቀምጦ እያለ ወደኋላ ይቀራል። የደረጃ ሰንጠረዡ ሁልጊዜ ከእውነቱ የበለጠ ተስፋ ያሳያል።

አሁን ወደ ዋሺንግተን። በ2004 ካፒታልስ ውድ ተጫዋቾቹን አንድ በአንድ ሸጦ ጨርሶ ነበር። ያሮሚር ያግር፣ ፒተር ቦንድራ፣ ሰርጌይ ጎንቻር ሁሉም ሄዱ። በምትኩ በዚያው ዓመት የአዳዲስ ተጫዋቾች ምርጫ የመጀመሪያው ዕጣ ደረሰውና አሌክሳንደር ኦቬችኪን የሚባል የሞስኮ ልጅ አገኘ። ልጁ ከመጣ በኋላም ቡድኑ ይሸነፍ ነበር። በ2007 መኸር ካፒታልስ በተከታታይ ሦስት የተካሄዱ ውድድሮች ፕሌይኦፍን ሳያይ ቀርቶ አዲሱን ጀመረ፤ ከመጀመሪያዎቹ 21 ጨዋታዎችም 14ቱን በመደበኛው ሰዓት ተሸነፈ። ያሸነፈው ስድስት ነው። በጠቅላላው 13 ነጥብ፣ ከሊጉ የመጨረሻው።

ኖቬምበር 22፣ በአሜሪካ የምስጋና ቀን፣ አሰልጣኝ ግሌን ሃንሎን ተሰናበቱ። ቦታውን የያዙት ብሩስ ቡድሮ ነበሩ። እኚህ ሰው ተጫዋች ሳሉም ዕድሜያቸውን የፈጁት በትናንሽ ሊጎች ነው፤ አሰልጣኝ ሆነውም ከ15 ዓመት በላይ እዚያው በአውቶቡስ ከከተማ ከተማ ሲንከራተቱ ቆይተዋል። ከዋናው ሊግ ስልክ ሲደወልላቸው የካፒታልስን ታዳጊዎች የሚያፈራውን የኸርሺን ቡድን ይዘው ነበር፤ በ2006 ዋንጫ አስገኝተውለታል። በዚህም ምክንያት ከዋሺንግተን ወጣቶች ብዙዎቹን ቀድመው ያውቋቸዋል። በማግስቱ ፊላደልፊያ ሄደው በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 3 አሸነፉ።

የለወጡት ነገር ምንም ድብቅ አልነበረም። ቀደም ሲል ቡድኑ እንዳይሸነፍ ይጫወት ነበር፤ ቡድሮ ፓኳ በእጃችን ስትገባ ሁላችሁም ወደፊት አሉ። ተከላካዩ ማይክ ግሪን 18 ጎል አስቆጥሮ በዚያ ዓመት ከሊጉ ተከላካዮች ሁሉ በለጠ። ጀማሪው ኒክላስ ባክስትሮም የኦቬችኪን አቀባይ ሆነና 69 ነጥብ ሰበሰበ። (በሆኪ የተጫዋች ነጥብ ያስቆጠረው ጎልና ለጎል ያቀበለው ፓክ ድምር ነው፤ ከቡድኑ ነጥብ ጋር አይምታታ።) ኦቬችኪን ጃንዋሪ ላይ የ13 ዓመት፣ የ124 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ፤ በሊጉ ታሪክ ከመቶ ሚሊዮን ያለፈ የመጀመሪያው ውል ነው። ጃንዋሪ 31 ከሞንትሪያል ጋር በነበረው ጨዋታ አፍንጫው ተሰበረ፣ ከንፈሩ ተሰፋ፤ እሱ ግን አራት ጎል አስቆጠረ፣ አራተኛዋ የተጨማሪ ሰዓቷ የ5 ለ 4 ማሸነፊያ ነበረች።

ኦቬችኪን እስከ ዓመቱ መጨረሻ 65 ጎል አደረሰና የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። ሆኖም ቡድኑን ያዳነው ማን ነው ብትሉኝ መልሴ ወደ ጎሉ አፍ ይሄዳል።

የካፒታልስ ግብ ጠባቂ ኦላፍ ኮልዚግ ነበር። ጆሃንስበርግ፣ ደቡብ አፍሪካ የተወለደ፣ በ1989 ቡድኑ የመረጠውና በ1998 እስከ ዋንጫው ፍጻሜ ያደረሰው፣ በዚያ ማሊያ ከ300 በላይ ጨዋታ ያሸነፈ ሰው ነው። ፌብሩዋሪ 26፣ የዝውውር በሩ በሚዘጋበት ቀን፣ ዋና ሥራ አስኪያጁ ጆርጅ ማክፊ ሦስት ሰው አመጡ፤ አንጋፋውን ሰርጌይ ፌዶሮቭን፣ ተፋላሚውን ማት ኩክን እና ፈረንሳዊውን ግብ ጠባቂ ክሪስቶባል ኡዌን። ሞንትሪያል ኡዌን የለቀቀው ለወጣቱ ኬሪ ፕራይስ መንገድ ለመጥረግ ሲሆን፣ የጠየቀው ዋጋ ከአዳዲስ ተጫዋቾች ምርጫ አንድ የሁለተኛ ዙር ዕድል ብቻ ነበር። ርካሽ ገበያ ነው። ኡዌ በካፒታልስ ማሊያ ከ13 ጨዋታ 11ዱን አሸነፈ። ኮልዚግ ወንበር ላይ ተቀመጠ። በስፖርት ውስጥ ከዚህ የከበደ ነገር ብዙ አላየሁም፤ ለ19 ዓመት የጠበቅኸው ቤት በመጨረሻ ሞቅ ሲል በር ላይ የቆመው ሌላ ሰው ይሆናል።

ከዚያ የመጣውን ሁሉም ያስታውሰዋል። ካፒታልስ ከመጨረሻዎቹ 12 ጨዋታዎች 11ዱን፣ ከነዚያም የመጨረሻዎቹን ሰባት በተከታታይ አሸነፈ። የምድቡ ተፎካካሪ ካሮላይና ሀሪኬንስ ነበር። ኤፕሪል 4 ማታ ካሮላይና በገዛ ሜዳው በፍሎሪዳ ፓንተርስ 4 ለ 3 ተሸነፈና በ92 ነጥብ ዘመኑን ዘጋ። ካፒታልስም 92 ላይ ነው፣ በማግስቱ ግን አንድ ጨዋታ ይቀረዋል፤ ተጋጣሚውም ያው ፍሎሪዳ። በመደበኛው ሰዓት ከተሸነፈ በድል ብዛት ከካሮላይና ያንሳል፣ ለሌሎቹም አይደርስም፣ ወደ ቤቱ ነው። ካሸነፈ የምድቡ አሸናፊ ሆኖ ሦስተኛ ደረጃ ይይዛል። በመሃል ምንም የለም ማለት ይቻላል። በቀይ የተጥለቀለቀው የቬራይዘን ሴንተር አዳራሽ ከ18,000 በላይ ሰው ይዞ ነበር፤ ካፒታልስ 3 ለ 1 አሸነፈ። ኮልዚግ በማግስቱ 38 ዓመት ሞላው።

አዳራሹ የሚገኘው በመሃል ዋሺንግተን፣ ቻይናታውን አጠገብ ነው። ያ ክረምት በከተማዋ ታክሲ ለሚነዱ በርካታ ኢትዮጵያውያን የሌላ ሒሳብ ክረምት እንደነበረ እግረ መንገዴን ላንሳ። ከንቲባ ኤድሪያን ፌንቲ በ2007 መኸር የዞኑን ታሪፍ አስቀርተው ሜትር እንዲገባ ወስነው፣ ሾፌሮች ሥራ አቁመው፣ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር፤ ሜትሩ ሥራ የጀመረው ሜይ 1 ቀን 2008 ነው። ጨዋታ ያለበት ምሽት ለባለታክሲ ምን እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው፣ ቡድኑ ፕሌይኦፍ መግባቱ የሆኪ ፍቅር ባይኖረውም ግድ የሚለው ጉዳይ ነው።

አሁን የቡድሮን ዘመን ለብቻው እንደምረው። 61 ጨዋታ፣ 37 ድል፣ 17 የመደበኛ ሰዓት ሽንፈት፣ ሰባት የተጨማሪ ሰዓት ሽንፈት፤ 81 ነጥብ። ይህን ፍጥነት ወደ 82 ጨዋታ ብንመነዝረው 109 ገደማ ይመጣል። በዚያ ዓመት በምሥራቁ ቀዳሚ የሆነው ሞንትሪያል እንኳ 104 ነው ያገኘው። ይህ እንግዲህ በማርች በድንገት የተነሳ ቡድን አይደለም። ከኖቬምበር ጀምሮ ከሊጉ ጥሩዎች አንዱ ነበር፤ የሐምሌና የነሐሴ ያህል ጨለማ የሆኑት የመጀመሪያ ሰባት ሳምንታት ዕዳ ግን እስከ መጨረሻው ቀን ተከተለው። ብዙ ተንታኞች በወቅቱ «ሞቀላቸው» ሲሉ፣ የሞቀው ቀደም ብሎ እንደነበር ሰንጠረዡ ሸፍኖባቸዋል።

የእኔን አባባል የሚፈትን ቡድን አለ፣ ኦታዋ ሴኔተርስ። ፌብሩዋሪ 10 ቀን 2015 ከማለፊያው መስመር 14 ነጥብ ርቆ ነበር። ከዚያ ርቀት ተነስቶ ያለፈ ቡድን በሊጉ ታሪክ አልነበረም። ሁለቱ ግብ ጠባቂዎቹ ተጎዱና በትንሹ ሊግ እንኳ ውጤቱ ደካማ የነበረ፣ ማንም ያልመረጠው የ27 ዓመቱ አንድሩ ሀሞንድ ጎሉ ላይ ቆመ። 20 አሸነፈ፣ አንድ ብቻ በመደበኛው ሰዓት ተሸነፈ፣ ሁለት በተጨማሪ ሰዓት። ደጋፊው በማክዶናልድስ ማስታወቂያ ላይ ባለው የበርገር ሌባ ስም ጠራው፤ ከድል በኋላ እውነተኛ ሐምበርገር ወደ በረዶው ይወረወር ጀመር። ማርች 19 ቦስተንን ካሸነፉ በኋላ ወጣቱ ከርቲስ ላዛር አንዱን ከበረዶው ላይ አንስቶ ገመጠው። ኦታዋ በ99 ነጥብ አለፈ፣ ቦስተን በ96 ቀረ።

ይህ ንጹሕ ተአምር ይመስላል። ነገር ግን ኦታዋም አሰልጣኝ የለወጠው በዲሴምበር ነው፤ ፖል ማክሊን ሄደው ዴቭ ካሜሮን መጡ፤ ማርክ ስቶንና ሌሎች ወጣቶችም የበለጠ ሰዓት አገኙ። ቡድኑ ሲሻሻል ውጤቱ የዘገየ ነበር፣ ግብ ጠባቂው ደግሞ የዘገየውን ሁሉ ባንዴ አመጣው። ግማሹን እሰጣለሁ፤ ሀሞንድን ማንም አላቀደውም። በፕሌይኦፉ ሞንትሪያል የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጨዋታዎች ከወሰደበት በኋላ ቦታውን ለክሬግ አንደርሰን ለቀቀ፤ ኦታዋም በስድስተኛው ጨዋታ ተሰናበተ። ያ ዓይነት ብቃትም ዳግመኛ አልተመለሰለትም።

ሴንት ሉዊስ ብሉስ ደግሞ ሥራውን በጊዜ የጀመረ ነው። አሰልጣኝ በኖቬምበር 2018 ለወጠ፣ ጃንዋሪ 3 ቀን 2019 በ34 ነጥብ ከሊጉ ሁሉ መጨረሻ ነበር፣ ከአራት ቀን በኋላ ግብ ጠባቂው ጆርዳን ቢኒንግተን ከመነሻው የተሰለፈበትን የመጀመሪያ ጨዋታ ጎል ሳይቆጠርበት አሸነፈ፣ ጁን 12 ቦስተን ላይ ዋንጫውን አነሱ። እነሱ ማርች ላይ የሚጨነቁበት ነገር አልነበራቸውም። ዕዳቸውን በፌብሩዋሪ ከፍለው ጨርሰዋል።

የ2008ቱ ካፒታልስ ግን አልጨረሰም ነበር፤ ይህም ዋጋ አስከፈለው። ሰባት ተከታታይ የሞት ሽረት ጨዋታ የተጫወተ ቡድን ኤፕሪል 11 የመጀመሪያውን ዙር ሲጀምር ከስድስተኛው ፊላደልፊያ ጋር ተገናኘ። 3 ለ 1 ተመራ፣ ሁለቱን አሸንፎ አስተካከለ፣ ኤፕሪል 22 በሰባተኛው ጨዋታ ተጨማሪ ሰዓት ጆፍሪ ሉፑል አስቆጠረበትና አበቃ። በበጋው ኡዌ ወደ ቺካጎ፣ ኮልዚግ ወደ ታምፓ ሄዱ። ቡድሮ የዓመቱ ምርጥ አሰልጣኝ ተባሉ፣ በኖቬምበር 2011 ግን እሳቸውም ተሰናበቱ። ዋንጫው የመጣው በ2018፣ በሌላ አሰልጣኝ ነው።

ታዲያ ሊጉ ለተሸናፊ የሚሰጠውን ያን አንድ ነጥብ ለምን አያነሳውም? በዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ውድድሮች በመደበኛው ሰዓት ያሸነፈ ሦስት፣ በተጨማሪ ሰዓት ያሸነፈ ሁለት፣ የተሸነፈ አንድ ያገኛል፤ እያንዳንዱ ጨዋታ ሦስት ነጥብ ያከፋፍላል። ለእኔ ትክክለኛው ይህ ነው፤ ሁለት ቡድኖች አቻ ሆነው ወደ ማብቂያው ሲቃረቡ ነጥብ ተካፍሎ ለመውጣት መተኛትን ያስቀራል። ባለቤቶቹ ግን አሁን ያለው ጥሩ እንደሚሸጥ ያውቃሉ። ሰንጠረዡ በተጨናነቀ ቁጥር በማርች ተስፋ የቆረጠ ከተማ ይቀንሳል፣ በተስፋ ያለ ከተማ ደግሞ ትኬት ይገዛል። በ2025 የተፈረመው አዲሱ የተጫዋቾች ስምምነት ከ2026 መኸር ጀምሮ የእያንዳንዱን ቡድን ጨዋታ ከ82 ወደ 84 ያሳድጋል። ነጥብ አሰጣጡን አልነካውም።