ዜናው ከመኪናው፣ ውሳኔው ከአስተዳዳሪው

ኮምፒዩተር በጸጥታ የሚሠራ መኪና ይመስላል እንጂ፣ ከኤሌክትሪክ መሥመር ሲነቀል፣ ክዳኑ ሲከደን፣ የማብሪያ ቁልፉ ሲጫን ወይም ውስጡ ከልኩ በላይ ሲግል፣ ይህን ለሚያስተዳድረው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሳያስታውቅ አያልፍም። ማስታወቂያው ግን የሆነውን ይናገራል እንጂ ሊደረግ የሚገባውን አያዝዝም፤ የክዳን መዘጋት፣ ላፕቶፑን አጥፎ ወደ ቦርሳው ለሚከት መንገደኛ የዕረፍት ትእዛዝ ሲሆን፣ ያንኑ ላፕቶፕ ክዳኑን ዘግቶ እንደ ሰርቨር ለሚያሠራ ሰው ግን ከቁም ነገር የማይቈጠር ክስተት ነው። ዜናን መቀበልና በዜናው ላይ መፍረድ እንግዲህ ሁለት የተለያዩ አገልግሎቶች ናቸውና፣ የመጀመሪያውን ለራሱ ይዞ ሁለተኛውን ለአስተዳዳሪው ስክሪፕት የተወው፣ በሊኑክስ ላይ የሚሠራው ኤሲፒአይዲ የተባለው ትንሽ ፕሮግራም ከአንባቢ ጋር ሊተዋወቅ የሚገባው ነው።

ፕሮግራሙ ስሙን ያገኘው ኤሲፒአይ ከሚባለው ደንብ ነው። ከዚህ ደንብ አስቀድሞ፣ ኢንቴልና ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1992 ባወጡት ኤፒኤም በተባለው ሥርዐት፣ የኃይል አስተዳደር ሥልጣን አብዛኛው፣ ባዮስ በተባለው፣ ከመኪናው ጋር አብሮ በሚመጣው ፕሮግራም እጅ ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1996 መጨረሻ ኢንቴል፣ ማይክሮሶፍትና ቶሺባ ያወጡት ኤሲፒአይ ግን ሥልጣኑን ወደ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ አሻገረው፤ ፋብሪካው የመኪናውን ጠባይ በሠንጠረዥ ጽፎ ያስረክባል፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙም ያንን አንብቦና ተርጕሞ ያስተዳድራል። እ.ኤ.አ. በ2013 የደንቡ ጥበቃ ዩኤፊ ፎረም ለተባለው ማኅበር ተላለፈ። ደንቡ የመኪናውን ንቃትና ዕረፍት በየመዓርጉ ከፍሎ ይቈጥራል፦ ኤስ 0 ሙሉ ንቃት ነው፤ ኤስ 3 ራሙ ብቻ ኃይል እያገኘ ሌላው አካል የሚያርፍበት እንቅልፍ ነው፤ ኤስ 4 የራሙ ይዘት በዲስክ ላይ ተጽፎ መኪናው የሚጠፋበት ነው፤ ኤስ 5 ደግሞ በሶፍትዌር ትእዛዝ የሚደረግ መጥፋት ነው።

አንድ ክስተት በደረሰ ጊዜ ሃርድዌሩ ለፕሮሰሰሩ ሥራውን የሚያቋርጥ ምልክት ይልካል፤ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት የሆነው ከርነል ሠንጠረዡን መርምሮ የምልክቱን ምክንያት ከለየ በኋላ ዜናውን ወደ ውጭ ያወጣዋል፤ ኤሲፒአይዲም ተቀብሎ በአንድ መሥመር ጽሑፍ ያቀርበዋል። በዚህ መሥመር ላይ መጀመሪያ የመሣሪያው ወገን፣ ቀጥሎ የመሣሪያው መጠሪያ፣ ብዙውን ጊዜም በመጨረሻ ሁለት ቍጥሮች ይሰፍራሉ። የቻርጀሩ ዜና ለምሳሌ «ኤሲ አዳፕተር» በሚል ወገን ይጀምርና፣ የመጨረሻው ቍጥር 1 ቢሆን ኃይል መግባቱን፣ 0 ቢሆን መቋረጡን ያመለክታል፤ የክዳኑ ዜና ደግሞ መከፈት ወይም መዘጋት መሆኑን በቃል ይገልጻል።

ኤሲፒአይዲ በዚህ ሥራው የቤተ ክርስቲያንን ዓጻዌ ኆኅት ይመስላል፤ በሩን ይጠብቃል፣ የመጣውን ማንነት ይለያል፣ ለሚመለከተው ያስታውቃል፣ ነገር ግን መቅደስ ገብቶ አይቀድስም። «ኢቲሲ» በተባለው ማኅደር ውስጥ፣ «ኤሲፒአይ» ከሚለው ሥር፣ «ኢቨንትስ» በተባለው ክፍል አስተዳዳሪው ትንንሽ የደንብ ፋይሎችን ያስቀምጣል። እያንዳንዱ ፋይል በመሠረቱ ሁለት መሥመር ብቻ ያስፈልገዋል፤ አንደኛው የሚጠበቀውን ዜና በሬጉላር ኤክስፕሬሽን ይገልጻል፣ ሁለተኛው ዜናው በደረሰ ጊዜ የሚሠራውን ስክሪፕት ይጠራል። በትእዛዙ ውስጥ የመቶኛ ምልክትና «ኢ» የተባለችው የላቲን ፊደል ተከታትለው ቢጻፉ፣ የዜናው ሙሉ ቃል በዚያ ቦታ ተተክቶ ለስክሪፕቱ ይተላለፋልና፣ አንድ ስክሪፕት የኃይልን መምጣትና መሄድ ለይቶ ሁለት የተለያየ ፍርድ ሊሰጥ ይችላል።

መብራት ሄዶ በሚመጣበት እንደ አዲስ አበባ ባለ ከተማ ይህ ነገር ጥቅሙ ግልጽ ነው። ቻርጀሩ ኃይል ባጣ ቍጥር ስክሪፕቱ የስክሪኑን ብርሃን ዝቅ ያደርጋል፣ ሊዘገይ የሚችለውን ከባድ ሥራ ያቆማል፣ የተቋረጠበትን ሰዓት በመዝገብ ይጽፋል፤ መብራት ሲመለስም ሁሉን ወደ ቦታው ይመልሳል። ዳሩ ግን ይህ ባትሪው በውስጡ ስላለው ስለ ላፕቶፕ የተነገረ ነው፤ ዴስክቶፑ በዩፒኤስ የሚደገፍ ቢሆን፣ የመብራቱ መቋረጥ ዜና የሚመጣው በዚህ በር ሳይሆን ዩፒኤሱ በዩኤስቢ ገመድ ለራሱ ፕሮግራም በሚልከው መልእክት ነውና፣ አስተዳዳሪው ዜናውን ከማይመጣበት በር ቆሞ እንዳይጠብቅ ያስፈልጋል።

ሥርዐቱ ቀላል መስሎ ቢታይም ጥንቃቄ የሚሻባቸው ነገሮች አሉት። በብዙ መኪናዎች የማብሪያ ቁልፉ አንድ ጊዜ ሲጫን ዜናው በሁለት የተለያዩ መጠሪያዎች ሁለት ጊዜ ሊደርስ ይችላል፤ ስለዚህ የቁልፉን ወገን ብቻ ጠቅሶ የተጻፈ ልል ደንብ አንዱን ትእዛዝ ሁለት ጊዜ ያስፈጽማል። ሲስተምዲ በተተከለበት ሊኑክስ ደግሞ ሎጊንድ የተባለው አገልግሎት የክዳኑንና የቁልፉን ዜና በራሱ በኩል ይሰማል፤ አስተዳዳሪው ካልከለከለውም ቁልፉ ሲጫን መኪናውን ያጠፋል፣ ክዳኑ ሲዘጋ ያስተኛል። በአንድ ዜና ላይ ሁለት ዳኞች ቢሰየሙ ፍርዱ መደናገሩ አይቀርምና፣ ለስክሪፕቱ የታሰበውን ጕዳይ ሎጊንድ እንዳይነካው በማዋቀሪያ ፋይሉ ላይ በግልጽ መጻፍ ይገባል። ከሁሉ በላይ፣ እነዚህ ስክሪፕቶች የሚሠሩት ሩት በተባለው የበላይ ተጠቃሚ ሥልጣን ስለ ሆነ፣ ፋይሎቹን ከሩት በቀር ማንም ሊለውጣቸው የማይችል መሆን አለበት፤ የተጠቃሚውን ስክሪንና አካባቢም ስለማያውቁ የሚጠሩት ትእዛዝ ሁሉ በሙሉ አድራሻው ሊጻፍ ይገባዋል።

ስለ ሙቀት የተለየ ነገር ማለት ያስፈልጋል። በኤሲፒአይ ደንብ ሙቀት የሚለካው በኬልቪን ዐሥረኛ እጅ ነው፤ ሊኑክስ ግን «ሲስ» በተባለው ማኅደር ሥር የሚያሳየው በሴልሲየስ ሺሕኛ እጅ በመሆኑ 45 ዲግሪ 45000 ተብሎ ይነበባል፤ ይህን ልኬት ያላስተዋለ ስክሪፕት ቀዝቃዛውን መኪና እንደ ነደደ ይቈጥረዋል። ደንቡ ለሙቀት ደረጃ አበጅቶለታል፦ በአንዱ ፕሮሰሰሩ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ በሌላው ማራገቢያው ይነሣል፣ ከፍተኛው በደረሰ ጊዜም ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ መኪናውን ያጠፋል። እያንዳንዱ ዲግሪ ግን ዜና ሆኖ አይወጣም፤ የባትሪውም መጠን በየመቶኛው አይታወጅም፤ ስለዚህ ባትሪው ከዐሥር በመቶ ሲወርድ አንድ ነገር እንዲደረግ የፈለገ ሰው ዜና ከመጠበቅ ይልቅ መጠኑን በየጊዜው የሚያነብ ሌላ ስክሪፕት ቢያዘጋጅ ይሻለዋል። የማብሪያ ቁልፉን ለ4 ሰከንድ ይዞ መቈየትም የትኛውም ስክሪፕት ሊከለክለው የማይችል፣ በሃርድዌሩ የተጻፈ የመጨረሻ ሥልጣን ሆኖ ይኖራል።

እንግዲህ ይህን ሥራ የሚጀምር አስተዳዳሪ አስቀድሞ «ኤሲፒአይ ሊሰን» በተባለው ትእዛዝ መኪናው በእውነት የሚናገረውን ያዳምጥ፤ ከፋብሪካ ፋብሪካ ቃሉ ይለያያልና ከሌላ ኮምፒዩተር የተቀዳ ደንብ አይመነው። ቀጥሎ ዜናውን በመዝገብ ከመጻፍ በቀር ምንም የማያደርግ ስክሪፕት ያዘጋጅ፤ ዜናው በጊዜውና በቍጥሩ ትክክል መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ ብቻ የማጥፋትንና የማስተኛትን ሥልጣን ይስጠው። ስክሪፕት ሰው አስቀድሞ የሰጠው፣ እርሱ በሌለበት ሰዓት የሚፈጸም ፍርድ ስለ ሆነ፣ ከመሥመሮቹ በላይ ምክንያቱን በግልጽ ጽፎ ማስቀመጥ፣ ነገ በእርሱ ወንበር የሚቀመጠው ሰው ሰርቨሩ ክዳኑ ተዘግቶ ስለ ምን እንደማይተኛ ሳይመራመር እንዲያውቀው የሚያደርግ የአስተዳዳሪነቱ ግዴታ ነው።