ካንዴላው ለምን ቀድሞ ይለኩሳል?

ባለመኪና የሆናችሁ አንባቢያን ጋራዥ ደጅ ቆማችሁ “ታይሚንጉ ተዛብቷል” የሚል ፍርድ ሰምታችሁ ታውቁ ይሆናል፡፡ አብዛኞቻችን ይህንን ፍርድ እንደ ሐኪም ቃል እንቀበለዋለን፡፡ ራሳችንን ነቅነቅ አድርገን፣ “ስንት ይፈጃል?” ብለን፣ ከፍለን እንወጣለን፡፡ ምኑ እንደተዛባ ግን አንጠይቅም፡፡ ሙያዬ ከሞተር ጋር የተያያዘ በመሆኑ ወዳጆቼ ይህንኑ ጥያቄ ደጋግመው ያነሱብኛልና ዛሬ ጠቅለል አድርጌ ልመልሰው፡፡

ጥያቄው የቅንጦት አይደለም፡፡ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ይታወሳል፡፡ ስለዚህ በእጃችን ያለው የቤንዚን መኪና እንደ ቀድሞው በቀላሉ በሌላ የሚተካ ዕቃ አይደለም፡፡ ቤንዚኑም ርካሽ አይደለም፡፡ የሞተርን ዕድሜም ሆነ የነዳጅ ወጪን ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ ደግሞ ያቺ ብልጭታ የምትፈነጥቅባት ቅጽበት ናት፡፡

ሁለት “ታይሚንግ” አለ

በቅድሚያ አንድ ግራ መጋባት እናጥራ፡፡ በየጋራዡ “ታይሚንግ” የሚባለው ነገር ሁለት ነው፡፡ አንደኛው የቫልቮቹ ነው፤ በቺንጋ ወይም በሰንሰለት ከኮሎው ጋር ታስሮ ቫልቮቹ መቼ እንደሚከፈቱና እንደሚዘጉ ይወስናል፡፡ ሁለተኛው የብልጭታው ነው፤ ካንዴላው መቼ እንደሚለኩስ ይወስናል፡፡ መካኒኩ “ታይሚንግ” ሲላችሁ “የቺንጋው ነው ወይስ የካንዴላው?” ብላችሁ መጠየቅ መብታችሁ ነው፤ ሥራውም ዋጋውም በጣም ይለያያልና፡፡ የዛሬው ጉዳያችን የካንዴላው ነው፡፡ የናፍጣ ሞተርን አይመለከትም፤ በዚያ ውስጥ ነዳጁን የሚያቀጣጥለው የታመቀው አየር ሙቀት እንጂ ብልጭታ አይደለምና፡፡

ከ12 ቮልት ወደ 20 ሺህ

የቤንዚን ሞተር አራት ተግባራት እየተፈራረቁ ይሠሩበታል፡፡ ፒስተኑ ወደታች ሲወርድ አየርና ቤንዚን ይስባል፤ ወደላይ ሲወጣ ያምቀዋል፤ የታመቀው ሲቃጠል ፒስተኑን ወደታች ይገፋዋል፤ በመጨረሻም የተቃጠለው ጋዝ ተገፍቶ ይወጣል፡፡ ከአራቱ መኪናውን የሚያንቀሳቅሰው ሦስተኛው ብቻ ነው፡፡

ይህን ቃጠሎ የምታስጀምረው ብልጭታ የካንዴላውን አፍ መዝለል አለባት፡፡ ክፍተቱ አብዛኛውን ጊዜ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆንም በታመቀ ጋዝ ውስጥ እሱን ለመዝለል ከ10 ሺህ እስከ 30 ሺህ ቮልት ሊያስፈልግ ይችላል፡፡ ባትሪያችን ያለው ግን 12 ቮልት ነው፡፡ ልዩነቱን የምትሞላው ቦቢና ናት፡፡ በውስጧ ሁለት የሽቦ ጥቅሎች አሉ፤ አንዱ ጥቂት ዙር ያለው ወፍራም፣ ሌላው በሺዎች የሚቆጠር ዙር ያለው ቀጭን፡፡ በወፍራሙ ጅረት ሲያልፍ በዙሪያው ማግኔታዊ ኃይል ይጠራቀማል፡፡ ጅረቱ በድንገት ሲቋረጥ ያ ኃይል ፈርሶ በቀጭኑ ሽቦ ላይ ያንን ከፍተኛ ቮልቴጅ ይፈጥራል፡፡ ልብ በሉ! ብልጭታዋ የምትወለደው ጅረቱ ሲበራ ሳይሆን ሲጠፋ ነው፡፡

በድሮዎቹ መኪኖች ይህን የማቋረጥ ሥራ የምትሠራው ፑንቲና ነበረች፤ ቮልቴጁን በየተራ ለአራቱ ካንዴላዎች የሚያድለው ደግሞ ዲስትሪቢውተር፡፡ አራት ሲሊንደር ያለው ሞተር በደቂቃ 3 ሺህ ጊዜ ሲዞር በሴኮንድ 100 ብልጭታ ያስፈልገዋል፡፡ ፑንቲና በየጊዜው የምትበላውና ማስተካከያ የምትፈልገው ወዳ አልነበረም፡፡

ነበልባል ጊዜ ይፈልጋል

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንግባ፡፡ ብዙ ሰው ቤንዚኑ ሲሊንደር ውስጥ እንደ ቦምብ በአንድ ጊዜ የሚፈነዳ ይመስለዋል፡፡ አይደለም፤ ይቃጠላል፡፡ እሳቱ ከካንዴላው ጫፍ ተነስቶ፣ ሜዳ ላይ እንደተለቀቀ የሣር ቃጠሎ፣ እየሰፋ እስከ ሲሊንደሩ ግድግዳ ይጓዛል፡፡ ለዚህ ጉዞ በግምት 2 ሺኛ ሴኮንድ ይፈጅበታል እንበል፡፡ ለእኛ ኢምንት ነው፤ ለሞተሩ ግን ብዙ ነው፡፡ በደቂቃ 3 ሺህ ጊዜ የሚዞር ኮሎ አንድ ዙር የሚጨርሰው በ20 ሺኛ ሴኮንድ ነው፡፡ እሳቱ ተቃጥሎ እስኪያልቅ ኮሎው የዙሩን አንድ አሥረኛ፣ ማለትም 36 ዲግሪ ዞሯል ማለት ነው፡፡

ፒስተኑን በደንብ ለመግፋት የጋዙ ግፊት ጣሪያ መድረስ ያለበት ፒስተኑ የላይኛውን ጫፍ ነክቶ መውረድ እንደጀመረ፣ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ገደማ እንዳለፈ ነው፡፡ ዥዋዥዌ ላይ ያለ ሕፃን የምትገፉት መቼ ነው? ወደ እናንተ መጥቶ፣ ጫፍ ደርሶ፣ ሊመለስ ሲል አይደል? ሞተርም እንዲሁ ነው፡፡ እሳቱ ጊዜ ስለሚፈጅበት ግን ለኳሹ መቅደም አለበት፡፡ ስለዚህ ካንዴላው የሚለኩሰው ፒስተኑ ገና ወደላይ እየወጣ ሳለ፣ ጫፉ ላይ ከመድረሱ በፊት ነው፡፡ ሞተሩ ቆሞ ሲያጉረመርም 10 ዲግሪ ገደማ፣ በፍጥነት ሲዞር 30ና ከዚያም በላይ ሊቀድም ይችላል፡፡

በጥንቱ ዘመን ይህን የሚወስነው ሾፌሩ ራሱ ነበር፡፡ ከ1908 እስከ 1927 እ.ኤ.አ. በተመረተው ፎርድ ሞዴል ቲ ላይ ከመሪው ሥር በግራ በኩል ያለችው ዘንግ ብልጭታውን ማስቀደሚያና ማዘግያ ነበረች፡፡ ብልጭታውን አስቀድሞ በእጅ ማኒቬላ ሞተሩን ለማስነሳት የሞከረ ሰው፣ ሞተሩ ወደኋላ ተፈናጥሮ እጁን ሊሰብረው ይችል ነበር፡፡ ኋላ ላይ ሥራውን ዲስትሪቢውተሩ ተረከበ፡፡ በውስጡ ያሉ ትንንሽ ክብደቶች ሞተሩ በፈጠነ ቁጥር እየተከፈቱ ብልጭታውን ያስቀድማሉ፤ በጎኑ ያለችው የቫኪዩም ሳህን ደግሞ ነዳጅ መስጫው ምን ያህል እንደተረገጠ እያየች ታስተካክላለች፡፡

ቢቸኩልስ? ቢዘገይስ?

ብልጭታው ከዘገየ እሳቱ ፒስተኑን እየተከተለ ይነዳል እንጂ አይደርስበትም፡፡ ጉልበት ይቀንሳል፣ ቤንዚን ይባክናል፣ ሳያልቅ የሚወጣው ትኩስ ጋዝ የጭስ ማውጫውን ያግለዋል፡፡ ይህ ኪስ ይጎዳል፤ ሞተር ግን ቶሎ አይገድልም፡፡

ክፉው መቸኮሉ ነው፡፡ ብልጭታው ከሚገባው በላይ ከቀደመ ግፊቱ ፒስተኑ ገና ወደላይ እየወጣ ሳለ ይከመርበታል፡፡ እሳቱ ያልደረሰበት በጥግ ያለው ድብልቅ ከሁለት በኩል ይጨነቃል፤ በፒስተኑም በሚሰፋው እሳትም፡፡ ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ማንም ሳይለኩሰው በራሱ ቦግ ይላል፡፡ ያን ጊዜ የሚፈጠረው የግፊት ማዕበል የሲሊንደሩን ግድግዳ ይደበድባል፡፡ ሾፌሩ የሚሰማው ሳንቲም በቆርቆሮ ውስጥ የሚንቀጫቀጭ የሚመስል ድምፅ ነው፡፡ መካኒኮች “ሞተሩ ያንኳኳል” ይሉታል፡፡ የቤንዚን “ኦክቴን” የሚባለው ቁጥርም ሌላ ምንም ሳይሆን ነዳጁ በራሱ ቦግ ሳይል ምን ያህል መታገስ እንደሚችል የሚነግር መለኪያ ነው፡፡

አዲስ አበባ ላይ የተሞላ፣ መተሐራ ላይ የሚከፈል

እዚህ ላይ የእኛ አገር ጠባይ ይመጣል፡፡ አዲስ አበባ ከባህር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፡፡ የአየሩ ግፊት በባህር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፡፡ ስለዚህ ተርቦ የሌለው ሞተር በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚያስገባው አየር ያንሳል፤ ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል፡፡ የሳሳ ድብልቅ ቀስ ብሎ ይነዳል፤ በራሱ ቦግ የማለት ዝንባሌውም ዝቅተኛ ነው፡፡ በአሜሪካ በሮኪ ተራሮች አካባቢ ባሉ ግዛቶች 85 ኦክቴን ቤንዚን የሚሸጠው በዚሁ ምክንያት ነው፡፡ ባጭሩ ከፍታ ቦታ ላይ ብልጭታን አብዝቶ ማስቀደም ያዋጣል፤ ቢበዛም ሞተሩ ቶሎ አያጉረመርምም፡፡

ከዚያስ? ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርደን መተሐራ ስንደርስ ከፍታው ወደ 950 ሜትር ይወርዳል፡፡ አየሩ ይወፍራል፣ ሙቀቱ ይጨምራል፡፡ አዲስ አበባ ላይ ልክ የነበረው ማስቀደም እዚህ ከልክ በላይ ይሆናል፡፡

አንድ ወዳጄ ባለ ዲስትሪቢውተር አሮጌ ኮሮላ ነበረችው፡፡ ጉልበት አነሳት ብሎ ጋራዥ ወሰዳት፡፡ መካኒኩ ያለ መለኪያ፣ በጆሮው ብቻ፣ ዲስትሪቢውተሩን ጠምዘዝ እያደረገ ብልጭታውን አስቀደመለት፡፡ በእርግጥም መኪናዋ የእንጦጦን ዳገት እንደ ፈረስ ወጣችው፡፡ ሳምንት ሳይሞላ ቤተሰቡን ጭኖ ወደ ድሬዳዋ አመራ፡፡ ከአዋሽ በኋላ ያ የሳንቲም ድምፅ ጀመረ፡፡ ሚኤሶን አልፎ ወደ አሰበ ተፈሪ የሚወስደው ዳገት ላይ ባሰበት፡፡ ወዳጄ ሬዲዮኑን ከፍ አደረገና ነዳጁን ረገጠ፡፡ መኪናዋ በጭነት ተመለሰች፡፡ ሞተሩ ሲፈታ አንዱ ፒስተን ጠርዙ ተሸርፎ ተገኘ፡፡

በኋላ መካኒኩን አነጋገርኩት፡፡ “ጋሼ፣ እዚህ ስሞክራት ምንም አላለችም!” አለኝ፡፡ እውነቱን ነው፤ እዚህ ምንም አላለችም፡፡ ችግሩም ይኸው ነው፡፡ ታይሚንግ አንድ ጊዜ ተስተካክሎ የሚያልቅ ቁጥር ሳይሆን ከአየሩ፣ ከጭነቱ፣ ከሙቀቱና ከቤንዚኑ ጋር የሚደረግ ስምምነት ነው፡፡

ኮምፒውተር ያለውስ?

“የኔ መኪና ዘመናዊ ናት፣ ዲስትሪቢውተር የላትም” የምትሉ ትኖራላችሁ፡፡ መልካም፡፡ የእናንተ መኪና የኮሎውን አቀማመጥ በሴንሰር ታነባለች፤ ኮምፒውተሩም ለየፍጥነቱና ለየጭነቱ ብልጭታውን ያሰላል፡፡ በብዙዎቹ ላይ በሞተሩ አካል የታሰረች ጆሮ መሳይ ሴንሰር አለች፡፡ ማንኳኳት ስትሰማ ኮምፒውተሩ ወዲያው ብልጭታውን በጥቂት ዲግሪ ያዘገየዋል፡፡ ሞተሩ ይተርፋል፤ ዋጋው ግን በጉልበትና በቤንዚን ይከፈላል፡፡ በነጭ ጋዝ የተቀላቀለ ቤንዚን ስትቀዱ መኪናችሁ ድንገት የምትሰንፈው አንዱ ምክንያት ይኼ ነው፤ ነጭ ጋዝ ኦክቴኑን ያወርደዋልና፡፡ ሴንሰሯ ከተበላሸች ወይም ሽቦዋ ከተቆረጠ ደግሞ መኪናችሁ ይህን መከላከያዋን ታጣለች፡፡ ዳሽቦርዱ ላይ የሞተር ምልክት በርቶ ሳለ በፕላስተር ሸፍኖ መንዳት የሚያስፈራኝ ለዚህ ነው፡፡

ታዲያ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ዲስትሪቢውተር ያለው መኪና ካላችሁ ብልጭታው በጆሮ ሳይሆን በታይሚንግ መብራት፣ ፋብሪካው ባዘዘው ዲግሪ እንዲስተካከል ጠይቁ፡፡ መብራቷ የኮሎው ፑሌጃ ላይ ያለውን ምልክት የቆመ አስመስላ ስለምታሳይ ዲግሪውን እናንተም አጠገቡ ቆማችሁ ማየት ትችላላችሁ፡፡

ሁለተኛ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ጉልበት ፍለጋ ብልጭታ ካስቀደማችሁ ቆላ ከመውረዳችሁ በፊት ወደ ቦታው አስመልሱት፡፡

ሦስተኛ፣ መንገድ ላይ ያ የሳንቲም ድምፅ ከመጣ ሬዲዮኑን ዝጉና ስሙት፡፡ እግራችሁን ከነዳጅ መስጫው ቀለል አድርጉ፤ ማርሽ ቀንሱ፡፡ በከባድ ማርሽ ላይ ሆኖ ዝቅ ባለ ፍጥነት ነዳጅ መርገጥ ማንኳኳትን ያባብሰዋል፡፡ ቢቀጥል ጥላ ፈልጋችሁ ቁሙ፤ ሞተሩ ይቀዝቅዝ፡፡

አራተኛ፣ ካንዴላ ስትቀይሩ ቁጥሩ የመኪናችሁ መሆኑን አረጋግጡ፡፡ ሙቀት ማስወጣት የማይችል ካንዴላ ጫፉ ግሎ ፍም ይሆንና ብልጭታ ሳይጠብቅ ራሱ ይለኩሳል፡፡ ያን ጊዜ የትኛውም የታይሚንግ ማስተካከያ አያድናችሁም፡፡

አንድ ካንዴላ፣ የግማሽ ሰዓት ምርመራ፣ ትንሽ ጆሮ መስጠት፤ ከሌላው ወገን ደግሞ የተፈታ ሞተር አለ፡፡ አባቶች “ሳይቃጠል በቅጠል” ያሉት ለሞተር ባይሆንም ለሞተርም ይሠራል፡፡

ቸር እንሰንብት፡፡