ትራጄዲ የሚባለው ቴአትር



በመድረክ ላይ ሰው ሲሞትና ሲለቀስ ያየ ሁሉ «ይህ ትራጄዲ ነው» ማለት ይቀናዋል። ይሁን እንጂ ለቅሶ ብቻውን ትራጄዲን አያስገኝም። የጥንት ግሪኮች በዚህ የቴአትር ዓይነት የፈለጉት ምን እንደ ነበረ ለመረዳት፥ አነሣሡንና አሠራሩን ባጭሩ እንመልከት።

ትራጄዲ ያደገው በአቴና ከተማ፥ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት ነው። በየዓመቱ በመጋቢት ወር ገደማ፥ ዲዮኒሶስ ለተባለው አምላካቸው በሚያደርጉት በዓል ሦስት ደራስያን ይወዳደሩ ነበር። ሕዝቡም አክሮፖሊስ ከተባለው አምባ ሥር፥ በተዳፋቱ ላይ ተቀምጦ በቀን ብርሃን ይመለከታል። ተዋንያኑ ወንዶች ብቻ ሲሆኑ ፊታቸውን በጭምብል ይሸፍናሉ። ኤስኪሎስ ሁለተኛውን ተዋናይ፥ ሶፎክሊስም ሦስተኛውን እንደ ጨመሩ ፈላስፋው አርስጣጣሊስ ጽፎአል። ከነዚህ ሌላ እየዘመሩና እያሸበሸቡ በነገሩ የሚያዝኑ፥ የሚጠይቁና የሚመክሩ ዘማሪዎች ነበሩ። ግድያው ብዙውን ጊዜ በተመልካች ፊት አይፈጸምም፤ መልእክተኛ መጥቶ ያወራዋል እንጂ።

ሶፎክሊስ ከ120 በላይ ድርሰቶች እንደ ጻፈ ይነገራል፤ ሙሉ ሆነው ለእኛ የደረሱት ግን 7 ብቻ ናቸው። ከነዚህ አንዱን፥ «ንጉሥ ኤዲፖስ» የተባለውን፥ ለምሳሌ እንውሰድ።

በቴቤስ ከተማ ቸነፈር ገባ። የቀድሞው ንጉሥ ገዳይ ካልተወገደ መቅሠፍቱ አይርቅም የሚል ቃል ከዴልፊ መጣ። ኤዲፖስም ለሕዝቡ የሚያስብ ንጉሥ ነበርና፥ ገዳዩን በአደባባይ ረግሞ ምርመራውን ራሱ ጀመረ። እርሱ ቀድሞ «አባትህን ትገድላለህ፤ እናትህን ታገባለህ» የሚል ትንቢት ሰምቶ፥ ወላጆቼ ናቸው ከሚላቸው ሰዎች የሸሸ ሰው ነው። በሽሽቱ ጊዜ በመንገድ ተጣልቶ የገደለው ሽማግሌ አባቱ፥ በቴቤስ ያገባት ንግሥትም እናቱ መሆናቸውን አያውቅም።

ተመልካቹ ግን ታሪኩን አስቀድሞ ያውቀዋል። ስለዚህ የሚጨነቀው «ምን ይመጣ ይሆን?» እያለ አይደለም፤ ንጉሡ ገዳዩን በረገመ ቁጥር ራሱን እንደሚረግም እያየ፥ ሊያስጠነቅቀው ስለማይችል ነው። ነቢዩ ጢሬስያስ እውነቱን ቢገልጥለት፥ ኤዲፖስ ሤራ መስሎት ተቈጣ። ንግሥቲቱ ምርመራውን እንዲተው ብትለምነውም አልሰማትም። በመጨረሻ ነገሩ ሲገለጥ እርስዋ ራስዋን ሰቅላ ሞተች፤ እርሱም የገዛ ዓይኖቹን አጠፋ። ዓይን ሳለው እውነቱን ያላየ ሰው፥ እውነቱን ባየ ጊዜ ዓይን አልባ ሆነ።

አርስጣጣሊስ ስለ ድርሰት ጥበብ በጻፈው መጽሐፍ የዚህን ምሥጢር ያስረዳናል። ክፉ ሰው ቢወድቅ «ይበለው» እንላለን እንጂ አናዝንለትም፤ ፍጹም ደግ የሆነ ሰው ያለ ምክንያት ቢወድቅም ልባችን ይቀየማል። ለትራጄዲ የሚስማማው ግን በሁለቱ መካከል ያለው፥ በክፋት ሳይሆን በስሕተት የወደቀው ሰው ነው። ላይገባው መከራ ስለ ደረሰበት እናዝንለታለን፤ እኛን ስለሚመስልም ለራሳችን እንፈራለን።

ኤዲፖስን የጣለው ስንፍና አይደለም። ብልህነቱን ታምኖ በሌላው ላይ ለመፍረድ ቸኰለ፤ የሚፈርድበት ሰው ግን ራሱ ነበር። እንግዲህ ክቡራን አንባብያን፥ ትራጄዲ ስትመለከቱ «ማን ሞተ?» ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ። «ይህ ሰው ምን ሳያውቅ ፈረደ? ያወቀውስ መቼ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ጥያቄው ከመድረኩ ወርዶ ወደ እያንዳንዳችን ቤት ሲገባ፥ የትራጄዲው ሥራ ያን ጊዜ ተፈጸመ ማለት ነው።