የስኳር ሕመምና የዕለት ማዕድ በወረርሽኝ ወቅት

የኮቪድ-19 ወረርሽኝ ወደ አገራችን መግባቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ተረጋግጧል። ከስኳር ሕመም ጋር የሚኖሩ ወገኖች በቫይረሱ ሲያዙ ለጽኑ ሕመም የመጋለጥ ዕድላቸው ከሌላው ሰው ይበልጣል። በደም ውስጥ ያለው ስኳር ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ ሲቆይ ሰውነት በሽታን የመከላከል አቅሙ ይዳከማል። ስለዚህ እጅን ከመታጠብ፣ አፍና አፍንጫን ከመሸፈንና ርቀትን ከመጠበቅ ጎን ለጎን የምግብን መጠን መቆጣጠርም ራስን የመጠበቂያ መንገድ ነው። ይህ ጽሑፍ በወላይታ ሶዶ ከተማና በወላይታ ዞን በሚዘወተሩ ምግቦች ላይ ያተኩራል።

ካርቦሃይድሬት በየትኞቹ ምግቦች ይገኛል?

ካርቦሃይድሬት በሰውነት ውስጥ ተፈጭቶ ወደ ስኳር የሚለወጥ ኃይል ሰጪ ንጥረ ነገር ነው። ቆጮ፣ ቡላ፣ አምቾ፣ ስኳር ድንች፣ ጎደሬ፣ ካሳቫ፣ በቆሎና እንጀራ በዚህ የበለጸጉ ናቸው። የማይጣፍጥ ምግብ ስኳር አይጨምርም ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው፤ ቡላ ባይጣፍጥም አብዛኛው ክፍሉ ስታርች ነው። ቆጮ ከቡላ የበለጠ አሠር ስላለው በመጠኑ ሲበላ ይመረጣል። ስኳር ድንችም ከተጠበሰው ይልቅ የተቀቀለው የደም ስኳርን በዝግታ ከፍ ያደርጋል።

ምን ያህል ይበላ?

እነዚህን ምግቦች ፈጽሞ መተው አያስፈልግም፤ ዋናው ጉዳይ መጠንና ሰዓት ነው። ከሳህንዎ ግማሹን ጎመንና ሌላ አትክልት፣ ሩቡን ቦሎቄ፣ አተር፣ ዕንቁላል ወይም ሥጋ፣ የቀረውን ሩብ ብቻ ከላይ የተዘረዘሩት ምግቦች ይያዙት። የተጨበጠ እጅዎ መጠን ለአንድ ጊዜ እንደ መነሻ ያገለግላል። ቆጮና ስኳር ድንች አብረው ከቀረቡ የሁለቱም ድምር ከዚህ መጠን አይለፍ። በእርሻ ሲደክም የሚውል ሰውና ቤት የዋለ ሰው የሚያስፈልጋቸው መጠን ስለሚለያይ የራስዎን ልክ ከጤና ባለሙያ ጋር ይወስኑ።

ከአንድ ገበታ አብሮ መብላት የተከበረ ባህላችን ነው። ሆኖም በወረርሽኝ ወቅት ለየራስ በሳህን ማቅረብ ሁለት ጥቅም አለው፤ የቫይረሱን መተላለፍ ይቀንሳል፣ የስኳር ታማሚውም የበላውን መጠን በትክክል እንዲያውቅ ይረዳዋል።

ማርና ለስላሳ መጠጦች

ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ በማር እየበጠበጡ መጠጣት ኮቪድ-19ን እንደሚከላከል የሚነገረው በማስረጃ የተደገፈ አይደለም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር 17 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት አለው፤ በቀን ሦስት ጊዜ ቢወሰድ ከ50 ግራም በላይ ይሆናል። 300 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ መጠጥም 30 ግራም ገደማ ስኳር ይይዛል። ውኃና ስኳር ያልተጨመረበት ሻይ ወይም ቡና ይመረጣሉ።

ስኳር ሲያንስ

መርፌ ወይም እንክብል ወስዶ ምግብ መዝለል አደገኛ ነው። መጾም የሚፈልጉ ከሆነ አስቀድመው የጤና ባለሙያ ያማክሩ። መንቀጥቀጥ፣ ማላብ፣ የልብ ምት መፍጠንና ግራ መጋባት ስኳር የማነስ ምልክቶች ናቸው። ምልክቱ ሲታይ ወይም ልኬቱ ከ70 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ሲሆን 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠው ይጠጡ። ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለዎት ይድገሙት፤ ሲሻልዎት ምግብ ይብሉ። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፍ ምንም አይስጡ፤ ፈጥነው ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት።

ትኩሳት ወይም ሳል ሲኖር

ሕመም በራሱ የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል። ምግብ አላሰኘኝም ብለው ኢንሱሊን በራስዎ ውሳኔ አያቋርጡ። ውኃ ደጋግመው ይጠጡ፤ ጠንካራ ምግብ ካልወረደልዎት አጥሚት ወይም ሾርባ በትንሽ በትንሹ ይውሰዱ። የማያቋርጥ ትውከት፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም ከ250 በላይ ሆኖ የማይወርድ ልኬት ካለ ሳይዘገዩ በአቅራቢያዎ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይሂዱ።

ቫይረሱን በመፍራት ክትትልዎን አያቋርጡ። ወደ ጤና ተቋም ሲሄዱ አፍና አፍንጫዎን ይሸፍኑ፤ ምልልሱን ለመቀነስም ለረዘም ያለ ጊዜ የሚበቃ መድኃኒት ማግኘት ይችሉ እንደሆነ ባለሙያውን ይጠይቁ። ስለ ኮቪድ-19 መረጃ ለማግኘት በነጻ የስልክ መስመር 8335 ይደውሉ።